ሪፐር 7 ላይ ተደራራቢ ቅጂዎችን መምረጥ፦ እንዲህ ተፈታልኝ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ሆናችሁ በሪፐር (በድምፅ መቅጃና ማቀናበሪያ ሶፍትዌሩ) ለምትቀዱ ሁሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው 7ኛው ስሪት ወዲህ የድሮው የቴክ (የተደጋገሙ ቅጂዎች) አሠራር አልጠፋም፤ ቋሚ ሌን (fixed item lanes) የሚባል ግን ተጨምሯል። ትራኩን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ቋሚ ሌንን አብሩት፤ እያንዳንዱ ቅጂ በየራሱ መስመር ይቀመጣል። የኮምፕ ሌን (የተመረጡት ክፍሎች የሚሰበሰቡበትን መስመር) ከፍታችሁ የወደዳችሁትን ሐረግ በማውዝ ስትጠርጉት ወደዚያ ይገባል፤ ዋናው ቅጂ አይነካም። ድንበሩ ካልጣማችሁ ጫፉን ጎትቱት።

እኔን ያስቸገረኝ ትዝታ ነበር። በነፃ ምት ሲዜም ግሪዱ (የምት መስመሮቹ) አይረዳም፤ ስለዚህ ስናፕን (ድንበሩን ወደ ግሪዱ የሚስበውን) አጥፍቼ ድንበሩን ድምፃዊዋ ትንፋሽ በምትወስድበት ቦታ አኖርኩት። ማሲንቆው ከእሷ ጋር በአንድ ክፍል ከተቀዳ ማይኳ ውስጥም ይሰማል፤ ስለዚህ የድምፃዊዋንም የማሲንቆውንም ትራክ ሁልጊዜ ከአንድ ዙር ቅጂ ውሰዱ።