ያረረ፣ የጠቆረና የዛገ ስቴንለስ ዕቃ፦ ችግርና መፍትሄ

ስቴንለስ ድስት ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ሲታጠብ ነው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየም የሚባለው ማዕድን ሲሆን፣ መጠኑ ከ10.5 በመቶ በታች ከሆነ ስቴንለስ አይባልም። ክሮሚየሙ አየር ሲያገኝ በብረቱ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ቢጫርም ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ከቆየ በራሱ ይመለሳል። የድስቱ መቀመጫ ላይ 18/10 የሚል ካያችሁ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ዕቃው ስቴንለስ መሆኑን አረጋግጡ። አሉሚኒየም ድስት በእጅ ሲያነሱት ቀለል ይላል፣ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቀመው ሶዳ አሉሚኒየምን ያጠቁረዋል።

ሽሮ፣ ገንፎ ወይም ምስር ከሥር አሯል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ስስ መቀመጫ ያለው ድስት ኃይለኛ እሳት ላይ መጣዱ ነው። የእንጨት እሳት አንዱን ጎን ብቻ ስለሚመታ ምግቡ እዚያ ቦታ ላይ ይያዛል።

ቢላዋም ሽቦም አታንሡ። ያረረው እስኪሸፈን ውሃ ጨምሩበት፤ ለአንድ ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በቂ ነው። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ስለሆነ እንዳትሳሳቱ። በቀስታ አፍሉት። በከፍታ ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ በደጋው 10 ደቂቃ ስለማይበቃ እስከ 20 ደቂቃ ይቆይ። እሳቱን አጥፍታችሁ እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ያረረው ጥቁር ቅርፊት ዳሩን እያነሣ፣ ልክ ሲበስል ከምጣድ እንደሚለቅ እንጀራ ይገነጠላል። ያኔ በእንጨት ማማሰያ ገፋ ማድረግ ነው። ያልለቀቀ ከቀረ ድገሙት፤ ሁለት ጊዜ ማፍላት አንድ ጊዜ ከመፈግፈግ ይሻላል። በጣም የጋለ ድስት ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፣ መቀመጫው ይጣመማል። የተጣመመ መቀመጫ ደግሞ እንደገና ያሳርራል።

ከውጭ ጥቀርሻ ይዟል

ጥቀርሻ በደንብ ያልነደደ እንጨት ጭስ ነው። ክረምት ላይ እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚያነድ ቤት በደንብ ያውቀዋል። በአዊ ዞን ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰለውን ከሰል የሚያነዱ ሰዎች ይህ ችግር እምብዛም አይገጥማቸውም።

ለማስለቀቅ ከወንፊት የወረደ የላመ አመድ በፈሳሽ ሳሙና ለውሱ፣ ጀርባውን ቀቡ፣ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ በስፖንጅ እሹ። አመድ ቅባትን ይፈታል። ያልተነፋ አመድ ግን ጠጠርና አሸዋ ስላለበት ይጭራል፤ እንደ መስታወት የሚያበራ ዕቃ ላይ የተነፋውንም ቢሆን አንመክርም።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ቀድሞ መከላከል ነው። ድስቱን ጉልቻ ላይ ከመጣዳችሁ በፊት ከውጭ በኩል ጀርባውንና ጎኑን በደረቅ ሳሙና ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ጥቀርሻው በሳሙናው ላይ ስለሚያርፍ ሲታጠብ አብሮት ይወርዳል።

ጎኑ ላይ ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ነገር አለ

ይህ የደረቀ ዘይት ነው። የኑግ ዘይት በዚህ ይብሳል፤ ሙቀትና አየር ሲያገኝ እንደ ቫርኒሽ ይጠጥራል። ጾም ላይ ወጡ በዘይት ስለሚሠራ በብዛት የሚታየው ያኔ ነው። ሳሙና ብቻውን አይነካውም። 3 እጅ ቤኪንግ ሶዳ በ1 እጅ ውሃ ለውሳችሁ ለብ ያለ ድስት ላይ ቀቡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በማይጭር ስፖንጅ እሹ። የቆየ ከሆነ ሦስት ዙር ሊወስድ ይችላል።

ነጭ ነጠብጣብ፣ በበራዱ ውስጥ ነጭ ቅርፊት

ውሃ ሲተን የሚቀረው ኖራ ነው፤ የጉድጓድ ውሃ በሚጠቀም ቤት ይበዛል። ክዳን ላይ የደረቀች አንዲት ጠብታን ልብ ብላችሁ እዩ፤ መሐሏ ንጹሕ ሆኖ ዙሪያዋ ነጭ ቀለበት ይሠራል።

ለበራድ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ አንድ ጊዜ አፍሉና ግማሽ ሰዓት ተዉት። አቼቶ ከሌለ የ3 ሎሚ ጭማቂ በአንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። አለቅልቁት፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ አፍልታችሁ ድፉ፤ አለበለዚያ ሻይው ይኮመጥጣል። ለነጠብጣብ አቼቶ የነካ ጨርቅ በቂ ነው።

ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም

ባዶ ድስት እሳት ላይ ቆይቶ ሽፋኑ ወፍሯል። ለጤና አያሰጋም። አቼቶ ሲነካው ይጠፋል።

ቡናማ የዝገት ነጥብ

«ስቴንለስ ብለው የሸጡልኝ ውሸት ነው» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን የዛገው ድስቱ አይደለም፤ ከማጠቢያ ሽቦ ተሰብሮ የቀረ ብናኝ ነው። የሶዳውን ልውስ ቀብታችሁ በብረቱ ላይ በሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች አቅጣጫ እሹ፣ በአቼቶ ጥረጉ፣ አለቅልቁና ወዲያው አድርቁ።

ሁለተኛው ምክንያት በረኪና ነው። በውስጡ ያለው ክሎሪን መከላከያ ሽፋኑን ይበላዋል። ስለዚህ ስቴንለስ ዕቃ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር አይገባም። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና የነካው ዕቃ በብዙ ውሃ ሳይታጠብ አቼቶ አይንካው።

መቀመጫው ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ጉድጓድ

ቀዝቃዛ ውሃ ላይ የተበተነ ጨው ሳይሟሟ ሥር ተቀምጦ ብረቱን በልቶታል። ጨው ውሃው ከፈላ በኋላ ጨምሩና አማስሉ፤ ጨው ያለበት ወጥም ድስቱ ውስጥ አይደር። የተበላው አይመለስም፤ ካላፈሰሰ ግን ድስቱ ያገለግላል።

ታጥቦም አያበራም

በአየር እንዲደርቅ ስለተተወ ነው። ገና እርጥብ ሳለ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉት። ስቴንለስን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች አሉት፤ ጨርቁ በእነሱ አቅጣጫ ይሂድ። ክብ እየሠራችሁ ካሻችሁ ጭረቱ በብርሃን ይታያል። ለሲንክና ለድስት የውጭ ጎን ሁለት ሦስት ጠብታ የምግብ ዘይት በጨርቅ አሹ፣ ከዚያ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ዘይቱን አንሡት። ለዚህ ግን የኑግ ዘይት አይሁን፤ በሳምንቱ አቧራ ይይዛል። ለሰሃንና ለማንኪያ ዘይት አያስፈልግም፤ ሙቅ ውሃና ደረቅ ጨርቅ ይበቃቸዋል።