ሞላው የሰጠው ጉልበት የት ገባ? የላቦራቶሪ ችግርና መፍትሄ

ባህር ዳር ላቦራቶሪ ውስጥ ተማሪዎች ስረዳ፣ ሞላ ጋሪ በሚገፋበት ሙከራ አንዲት ዓረፍተ ነገር በየሪፖርቱ አገኛለሁ፦ «ልዩነቱ የመጣው በሰበቃ ነው።» እሺ፣ ሰበቃው ስንት ነው? የለካው የለም። ይሄ ነገር በጣም ያንገበግበኛል፤ የሙከራው ጣዕም ያለው እኮ እዚያ ላይ ነው።

ሙከራውን ታውቁታላችሁ። ሞላ ተጨምቆ ይለቀቃል፣ ጋሪውን ይገፋል። ሞላው ያመቀው ጉልበት የኬ (የሞላው ጥንካሬ) እና የኤክስ (የተጨመቀበት ርቀት) ስኩዌር ብዜት ግማሽ ነው። ጋሪው የሚይዘው ደግሞ የመጠነ ቁሱና የፍጥነቱ ስኩዌር ብዜት ግማሽ። ሁለቱ ካልተቀራረቡ እንዲህ ፈልጉ።

የጋሪው ጉልበት በጣም አነሰ። መጀመሪያ ኤክስን ጠርጥሩ። ዜሮው ጋሪው ሞላውን ገና የነካበት ቦታ ነው፣ የሐዲዱ ጫፍ አይደለም። ኬ 50 ኒውተን በሜትር ቢሆንና ሞላውን 8 ሴንቲ ብትጨምቁት 0.16 ጁል ታገኛላችሁ። በስህተት 8.5 ብላችሁ ካነበባችሁ 0.18 ይሆናል፤ ግማሽ ሴንቲ ብቻ ስታችሁ 13 በመቶ የሚሆን ጉልበት «ጠፋ» ማለት ነው፣ ምክንያቱም ኤክስ ስኩዌር ስለሚሆን ስህተቱም አብሮ ያብጣል።

ቀጥሎ ኬ። በአንድ ክብደት ብቻ አትለኩት። አምስት ስድስት ክብደት እየቀያየራችሁ የኃይሉንና የሞላውን ርዝመት ለውጥ ግራፍ ሥሩና ስሎፑን (ኃይሉ ለርዝመት ለውጡ ሲካፈል) ውሰዱ። ሞላው የሚጨመቅ ዓይነት ከሆነ ኬውንም እየጨመቃችሁ ለኩ። ክብደቶቹን ወደ ኃይል የምትቀይሩበት ጂ (የስበት ፍጥንጠና)፣ ከተማችን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ እዚህ 9.78 አካባቢ ነው። 9.8 ብትሉ ችግር የለውም፣ 10 ካላችሁ ግን ከ2 በመቶ በላይ ሳታችሁ።

የሞላውን የራሱን ክብደትም አትርሱ። እሱም ይንቀሳቀሳል። የመጠነ ቁሱን አንድ ሦስተኛ ጋሪው ላይ ደምሩ፤ ሞላው 30 ግራም ከሆነ 10 ግራም መሆኑ ነው፣ ለ100 ግራም ጋሪ ቀላል አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ሰበቃ ሊሆን ይችላል። ለኩታ! ሞላውን ተዉትና ጋሪውን በእጅ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ 50 ሴንቲ በሚራራቁ ሁለት ፎቶጌቶች (ጋሪው ብርሃናቸውን ሲያቋርጥ ጊዜ የሚለኩ መሣሪያዎች) ውስጥ ይለፍ። የእንቅስቃሴ ጉልበቱ የቀነሰበትን መጠን ለ0.5 ሜትር ስታካፍሉት የሰበቃው ኃይል ይመጣል። እሱን ጋሪው ከተለቀቀበት እስከ ፎቶጌቱ በሄደው ርቀት አባዙ። አሁን «በሰበቃ» ብላችሁ ብትጽፉ አምናችኋለሁ።

የጋሪው ጉልበት ከሞላው በለጠ። ይሄ ሲመጣ ብዙዎች ቁጥሩን ዝም ብለው ያስተካክሉታል። እባካችሁ አታድርጉት። ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ዘሞ ነው። ከግንበኛ ውሃ ልክ ተዋሱና ሐዲዱ ላይ አስቀምጡት። ወይም ጋሪውን በሁለቱም አቅጣጫ ገፍታችሁ እዩ፣ አዘጋገሙ እኩል መሆን አለበት። ሌላው የእጅ ግፊት ነው፤ ጋሪውን በክር አስራችሁ ክሩን በክብሪት ብታቃጥሉት እጃችሁ ምንም አይጨምርም። ጋሪው ላይ የምትለጥፉትን፣ የፎቶጌቱን ብርሃን የሚያቋርጠውን የካርቶን ምልክትም በካሊፐር ለኩት፤ ፍጥነቱ የሚሰላው በስፋቱ ስለሆነ 10 ሚሊ ስፋት ላይ ግማሽ ሚሊ መሳት ጉልበቱን 10 በመቶ ያዛባዋል።

ውጤቱ በየሙከራው ይለያያል። ፎቶጌቱ ሞላው ገና እየገፋ ባለበት ቦታ ተተክሎ ይሆናል፤ ሞላው ከለቀቀው በኋላ ጥቂት ሴንቲ አርቁት።

መብራት ጠፋ። ሥራ አይቆምም። ስልካችሁ በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ ሐዲዱ አጠገብ ማስመሪያ አጋድማችሁ ከጎን ቅረጹ። ከላይ ባለው የ0.16 ጁል ምሳሌ 250 ግራም ጋሪ በሰከንድ 1.13 ሜትር ይሄዳል፣ ስለዚህ 20 ሴንቲ ለማለፍ 42 ምስል ያህል ይፈጅበታል። ብርሃን ፍለጋ መስኮት ጋ ተጠጉ፣ መስኮቱን ግን ዝጉት፤ ከሰዓት ከጣና የሚመጣው ነፋስ ያቺን ካርቶን እንደ ሸራ ይገፋታል።