ልጄን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ በግድ መጨመራቸውን እንዴት አስቆምኩት

የ8ኛ ክፍል ልጄን የክፍሏ ልጆች የመሳለቂያ ግሩፕ ከፍተው ያስገቧታል። ትወጣለች፤ በማግስቱ በሌላ ስም ከፍተው መልሰው ይጨምሯታል። ፎቶዋን ስቲከር አድርገውታል።

መጀመሪያ ብሎክ አደረግን፤ ሌላ ልጅ ጨመራት። ስልኩን ቀማኋት፤ ይሄ ከሁሉም የከፋው ስህተቴ ነው፣ የተቀጣች መስሏት ጭራሽ መናገር አቆመች። ከዛ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ኢንቫይትስ ገብቼ ማይ ኮንታክትስ አደረግኩት። አሁንም አልሰራም። ለካ የሚሰድቧት ልጆች ቁጥር ኮንታክቷ ውስጥ አለ! እዛው ገጽ ታች ኔቨር አላው የሚለው ላይ ልጆቹን አንድ በአንድ ስናስገባ ቆመ። ሊንክ ሊልኩላት ይችላሉ፣ ካልነካችው ግን አትገባም።

አንድ ነገር አደራ፦ ቴሌግራም ላይ ላኪው መልእክቱን ከሁሉም ሰው ስልክ ማጥፋት ስለሚችል ከግሩፑ ከመውጣታችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱ፣ ስምና ሰዓት ይታይ። ለትምህርት ቤቱ በቃል ስናገር «ልጆች ናቸው፣ ይተዉታል» ተብዬ ተመልሼ ነበር። ስክሪንሾቶቹን አትሜ ለዩኒት ሊደሩ ስሰጥ ግን በ3 ቀን ውስጥ ወላጆች ተጠሩ። የልጆቹ ይቅርታ ክፍል ፊት እንዲሆን ልጄ አልፈለገችም፣ ቢሮ ውስጥ ብቻ ተደረገ።