በመጨረሻ አሮጌውን ዊንዶውስ 7 ተገላገልኩት

ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስ 7 እና 10 አብረው ተጭነው ነበር፣ በተከፈተ ቁጥር የቱን ላስነሳ የሚል ሜኑ እያመጣ 30 ሰከንድ ያስጠብቀኝ ነበር፣ 7ቱ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ አፕዴት የለውም፣ ዝም ብሎ 60 ጊጋ ይዞ ተኝቷል። ኤምኤስኮንፊግ የሚባለውን የዊንዶውስ ማስተካከያ ከፍቼ ቡት የሚለው ታብ ላይ 7ቱን መርጬ ዲሊት አልኩት፣ ሜኑው ጠፋ፣ በቃ አለቀ ብዬ ነበር።

ምን ያልቃል! ዲስክ ማኔጅመንት (ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳየው) ገብቼ የ7ቱን ፓርቲሽን፣ ማለትም 7ቱ ያለበትን የዲስክ ክፍል፣ ራይት ክሊክ ሳደርግ ዲሊት ቮልዩም ደብዝዟል፣ አይነካም። በሌላ ሶፍትዌር በግድ ላጠፋው ስል ከስሩ የተጻፈችውን አየኋት፦ ሲስተም፣ አክቲቭ። ለካ የ10ሩም ማስነሻ ፋይሎች ያሉት እዛ ነው፣ አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ነበር የማጣው።

ያዳነኝ ይሄ ነው። 10ሩን አስነስቼ ኮማንድ ፕሮምፕት በአድሚኒስትሬተር ከፈትኩና ቢሲዲቡት በሚለው ትእዛዝ የማስነሻ ፋይሎቹን 10ሩ ወዳለበት ሲ ድራይቭ ገለበጥኩ፣ ከዛ ዲስክፓርት የሚባለው የዲስክ ማስተካከያ ትእዛዝ ውስጥ ገብቼ ሲን መርጬ አክቲቭ አደረግኩት። ሪስታርት አድርጌ ስመለስ ሲስተም የሚለው ጽሁፍ ሲ ላይ ሄዷል፣ አሁን ዲሊቱ ሰራ። (የኔ ላፕቶፕ የሚነሳው ባዮስ በሚባለው በድሮው መንገድ ነው፣ ዲስኩም ኤምቢአር በሚባለው የድሮ አከፋፈል ነው፤ በአዲሱ መንገድ በዩኢኤፍአይ የሚነሳ ያላችሁ አክቲቭ ማድረጉን እንዳትሞክሩት፣ እዛ አይሰራም።) ፋይሎቼን ግን አስቀድሜ ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ፣ እሱን ሳታደርጉ እንዳትጀምሩ።

አንድ ያናደደኝ ነገር፣ ባዶው ቦታ ከሲ በስተግራ ስለሆነ ሲን በሱ ለማስፋት ኤክስቴንድ አይልም፣ በቀኝ በኩል ያለውን ብቻ ነው የሚቀበለው። ተውኩትና ዲ ብዬ ፎርማት አደረግኩት፣ ፎቶ ማስቀመጫ ሆኗል።