ዊንዶውስ 10ን ፎርማት ሳታደርጉ ወደ 11 ለማሳደግ

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተሩ አይቆምም፣ እንደ ድሮው ይነሳል፣ ይሠራል። ችግሩ አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ እንደ በፊቱ የሚደፍንላችሁ አለመኖሩ ነው። ሰፈር ያለ ኮምፒውተር ቤት ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። አያስፈልግም! ፎርማት ለባለሙያው ይቀለዋል፣ እናንተ ግን ፕሮግራሞቻችሁን፣ የተቀመጡ ፓስወርዶቻችሁንና የሆነ ፎልደር ውስጥ የረሳችሁትን ፎቶ ታጣላችሁ። አሮጌው ላይ አዲሱን መጫን ይቻላል፣ ነፃም ነው፤ ዊንዶውስ 10ኣችሁ በሕጋዊ ፈቃድ የነቃ ከሆነ ፈቃዱ ወደ 11 አብሮ ይሻገራል።

መጀመሪያ ማሽኑ ይችል እንደሆነ እዩ። 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ይበቃል ይላል ማይክሮሶፍት፤ በ4 ጊጋ ግን ክሮም ስትከፍቱ ታለቅሳላችሁ፣ 8 ቢሆን ይሻላል። ብዙ ማሽን የሚወድቀው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ መሆን አለበት። ከኮር አይ 5 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ፦ 8250 ካለ 8ኛ ነው፣ 7200 ካለ 7ኛ ስለሆነ አያልፍም፣ 10210 ካለ 10ኛ ነው። ሻጭ «ኮር አይ 7 ነው» ብሎ ቢምልላችሁም ጀነሬሽኑን ሳታዩ አትመኑ፣ የ4ኛ ጀነሬሽን አይ 7 ይወድቃል፣ የ8ኛ አይ 3 ግን ያልፋል። ይህን ሁሉ ራሱ የሚመረምር ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባል የማይክሮሶፍት ፕሮግራም አለ፣ እሱን አስነሱት።

ፕሮሰሰሩ አልፎ «ቲፒኤም 2.0 የለም» ካላችሁ (ቲፒኤም ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደህንነት ቺፕ ነው) ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። አብዛኛውን ጊዜ ቺፑ አለ፣ ባዮስ በሚባለው፣ ዊንዶውሱ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ጠፍቶ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ዴል ላይ ኤፍ 2 ደጋግማችሁ ተጫኑና ሴኪዩሪቲ በሚለው ክፍል ፈልጉት። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ሊሆን ይችላል። ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር፦ ዲስካችሁ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ ከሆነ ባዮስ ስትነካኩ ባለ 48 አሃዝ መክፈቻ ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁጥሩ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፣ ወረቀት ላይም ጻፉት። ሌላው ወጥመድ ሌጋሲ የሚባለው የድሮ አነሳስ ነው። ሲስተም ኢንፎርሜሽን ከፍታችሁ ባዮስ ሞድ የሚለው ጎን «ሌጋሲ» ካለ፣ ባዮስ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ 11 ወደሚፈልገው አዲሱ አነሳስ፣ ወደ ዩኢኤፍአይ፣ አትቀይሩት፣ ዊንዶውሱ አይነሳላችሁም። መጀመሪያ የዲስኩ አከፋፈል ኤምቢአር ከሚባለው ከድሮው ዓይነት ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ መለወጥ አለበት። ይህን የሚሠራ መሣሪያ ዊንዶውሱ ውስጥ ቢኖርም በትእዛዝ መስመር ነው የሚሠራው፣ ካልለመዳችሁት የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይሁን።

ባክአፕ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ዴስክቶፕና ዳውንሎድስ ውስጥ ያለውንም አትርሱ። እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ዲ ድራይቭ ላይ መገልበጥ ባክአፕ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ሲ ድራይቭና ዲ ድራይቭ ያው አንድ ዲስክ ናቸው።

አሁን ወደ ማውረዱ። ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት ነው፣ በሞባይል ጥቅል ከጀመራችሁት ገንዘባችሁን ይበላዋል። ቤት ዋይፋይ ካለ ኢንስታሌሽን አሲስታንት የሚባለውን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዳችሁ ማስነሳት ነው፣ ሌላውን እሱ ይጨርሰዋል። ከሌለ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል በሚለው ቢያንስ 8 ጊጋ የሆነ ፍላሽ ላይ አዘጋጁት፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ከቴሌግራም ቻናል የተገኘ «አክቲቬት የተደረገ ዊንዶውስ 11» ግን አትጫኑ፣ ውስጡ ምን እንደተጨመረ አታውቁም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አታስነሱት፣ እንደዚያ ከሆነ እንደ አዲስ ነው የሚጭነው። ዊንዶውስ 10ን እንደተለመደው ክፈቱ፣ ፍላሹን ሰኩ፣ ውስጡ ያለውን ሴትአፕ ሁለቴ ጠቅ አድርጉ። ፋይሎችንና አፖችን ይዞ ይቀጥል የሚለውን ምረጡ። ምርጫው ደብዝዞ አልመረጥ ካለ አቁሙ። ብዙ ጊዜ ሰበቡ ቋንቋ ነው፦ ዊንዶውሳችሁ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ሆኖ ፍላሹ ላይ ያወረዳችሁት ኢንተርናሽናል የሚለው ከሆነ አይገጥምም። ትክክለኛውን ድጋሚ አውርዱ።

ስለ መብራት መቼም አልነግራችሁም። ላፕቶፕ ሙሉ ቻርጅ ይሁንና ቻርጀሩም ይሰካ። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ። መሃል ላይ ቢቋረጥ ብዙ ጊዜ ወደ ድሮው ለመመለስ ይሞክራል፣ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም። ሲጭን ኮምፒውተሩ ራሱ ደጋግሞ ይጠፋል ይበራል፣ አንድ ቁጥር ላይ ቆሞ የሞተ ይመስላል፤ ተዉት፣ ቡና አፍሉ፣ የማጥፊያውን ቁልፍ ግን አትንኩ።

ሒሳብ የምትሠሩ ሰዎች፣ ፒችትሪ የሚባለው የድሮ የሒሳብ ፕሮግራም ወይም የድሮ ፕሪንተር ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ካላችሁ መጀመሪያ 11 ላይ ይሠራ እንደሆነ ሌላ ማሽን ላይ ሞክሩ። የግብር ሰሞን ደግሞ ጨርሶ አታስቡት።

ማሽኑ ካላለፈስ? በጓሮ በር የሚያስገቡ ዘዴዎች ሞልተዋል፣ ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ማሽን አፕዴት ለመላክ ቃል አይገባም፤ የሥራ ኮምፒውተር ላይ ባታደርጉት እመርጣለሁ። ለዊንዶውስ 10 እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ የደህንነት አፕዴት የሚሰጥ የማራዘሚያ ፕሮግራም ስላለ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ተመዝገቡ። ከዚያ በኋላ ለኢንተርኔትና ለጽሑፍ ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ነፃ ሲስተም ይጫንበት፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቀለል ብሎ ይሄዳል።

ተጭኖ ሲያልቅ ወዲያው ድምፅ፣ ዋይፋይ፣ ካሜራና ፕሪንተር ሞክሩ። ኒያላ በሚባለው ፎንት የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶቻችሁ መልካቸው ከተቀየረ ፎንቱ ስለሌለ ነው፦ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብታችሁ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶችን ጫኑ። ካልተመቻችሁ ሪከቨሪ ውስጥ «ጎ ባክ» የሚል አለ፣ 10 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። ዲስክ ሞላ ብላችሁ ዊንዶውስ ኦልድ የሚለውን ፎልደር በዚህ ጊዜ ውስጥ ካጠፋችሁት መመለሻ የለም፤ ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ ራሱ ያጠፋዋል።