ሳይኮሎጂ፣ ሊትሬቸርና ፖለቲካል ሳይንስን አንድ ላይ እንዴት መማር ይቻላል

ሦስቱንም ነው የምማረው ስትሉ ከሁሉም ሰው የምትሰሙት መልስ "አንዱን ያዝና እሱ ላይ በርታ" የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ግን ደሞ ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ መቅመስና ሦስቱን እርስ በርስ እያነጋገሩ መማር በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ የመጀመሪያው አመታት ሙሉ ያደክማችሁና መጨረሻ ላይ የመግቢያ ኮርሶች የሞሉበት ትራንስክሪፕት ያስታቅፋችኋል፣ ሁለተኛው ግን አንድ ትምህርት ብቻ የተማረ ሰው የማያየውን ነገር እንድታዩ ያደርጋል። ልዩነቱን የሚያመጣው የራሳችሁ የሆነ አንድ ጥያቄ መኖሩ ነው። ሦስቱም ዲፓርትመንት በየራሱ መንገድ የሚሞክረው አንድ ጥያቄ ካላችሁ ኮርስ ስትመርጡም፣ ፔፐር ስትጽፉም፣ ሲደክማችሁም የሚይዛችሁ ነገር አለ ማለት ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። "ሰው ልክ እንዳልሆነ እያወቀ ትእዛዝ ለምን ይፈጽማል?" የሚለውን ጥያቄ ውሰዱ።

ሳይኮሎጂ ክፍል ውስጥ ስታንሊ ሚልግራም በየል ዩኒቨርሲቲ በ1961 (እዚህ ጽሁፍ ላይ ያሉት አመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጀመረውን ሙከራ ትማራላችሁ። ተሳታፊው ሌላ ክፍል ያለው ሰውዬ ጥያቄ በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ እንዲያስነዝረው ይታዘዛል፣ ንዝረቱ የውሸት ነው፣ ሰውየውም የሙከራው ቡድን አባል ነው፣ ተሳታፊው ግን ይሄን አያውቅም። በ1963 በታተመው ውጤት ከ40 ወንዶች 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ድረስ ሄደዋል። ብዙ ተማሪ እዚች ቁጥር ላይ ያቆማል፣ እናንተ ግን አትቁሙ፣ ምክንያቱም ትልቁ ትምህርት ያለው ሁኔታውን እየቀያየረ በደጋገማቸው ሙከራዎች ላይ ነው። አዛዡ ከክፍሉ ወጥቶ በስልክ ሲያዝ እስከ መጨረሻ የሚታዘዘው ሰው ወደ 20 በመቶ ገደማ ወረደ። አብረው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች "እኛ አንቀጥልም" ብለው ሲተዉት ደግሞ ከ40 ሰው እስከ መጨረሻ የሄደው 4 ብቻ ነው።

አሁን ይቺን 4 ይዛችሁ ፖለቲካል ሳይንስ ክፍል ግቡ። ጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ማክስ ዌበር ሥልጣን ተቀባይነት የሚያገኝበትን መንገድ በሦስት ይከፍለዋል፣ በቆየ ልማድ፣ በመሪው ካሪዝማ፣ እና በሕግና በደንብ። ሚልግራም ሙከራ ውስጥ ጋውን ለብሶ ሲያዝ ለነበረው ሰውዬ ታዲያ ተሳታፊዎቹ በየትኛው ነው የታዘዙለት? ቀላል መልስ የለውም፣ ጥሩ ፔፐር ደሞ የሚወለደው እንደዚህ ካለ ቦታ ነው። ቀጥላችሁ ቲሙር ኩራን በ1991 ስለ ምሥራቅ አውሮፓ የ1989 አብዮቶች የጻፈውን አንብቡ፣ ሰዎች በልባቸው ያለውን ትተው አደባባይ ላይ ሌላ ነገር ስለሚናገሩ ከላይ ጸጥ ያለ የሚመስል አገር ጥቂት ሰዎች ሲነሱ ድንገት ሊገለበጥ ይችላል ነው የሚለው። ላብራቶሪ ውስጥ የተነሱት ሁለት ሰዎችና አደባባይ የወጡት ጥቂት ሰዎች አንድ አይነት ነገር ነው ያደረጉት? በኔ እምነት በከፊል ብቻ ነው የሚመሳሰሉት፣ ምክንያቱም ላብራቶሪ ውስጥ እምቢ ያለ ሰው ተነስቶ ቤቱ ይሄዳል፣ አደባባይ ላይ እምቢ ያለ ግን ሊታሰር ሊገደል ይችላል፣ እና ሳይኮሎጂው ብቻውን ይሄን ልዩነት አይነግራችሁም።

ከዛ ሊትሬቸር። የጥንቱ ግሪክ ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አንቲጎኔ የሚባል ተውኔት አለ። ንጉሡ ክሪዮን የፖሊኔይኬስን ሬሳ ማንም እንዳይቀብር ያውጃል፣ እህቱ አንቲጎኔ ግን ትቀብረዋለች። ሁሉም ተማሪ የሚጽፈው ስለነዚህ ሁለቱ ነው፣ እኔ ግን ዘበኛውን ተመልከቱት እላለሁ። አንቲጎኔን ይዞ ንጉሡ ፊት ሲያቀርባት ምን ይላል መሰላችሁ፣ እኔ ራሴ ከጣጣው በመውጣቴ ደስ ብሎኛል፣ ወዳጅን ለመከራ መስጠት ያማል፣ ቢሆንም ከራሴ ነፍስ የሚበልጥብኝ የለም ነው የሚለው በአጭሩ። የላብራቶሪው ቁጥር ስንት ሰው እንደታዘዘ ይነግራችኋል፣ ይሄ ዘበኛ ደሞ የታዘዘ ሰው ራሱን በምን ቃል እንደሚያጽናና ያሳያችኋል። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ሴሚስተር ያነበበ ሰው ጥያቄውን በፊት በሚያየው መንገድ አያየውም።

የናንተ ጥያቄ ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ ሕዝብ የጦርነት ትዝታን እንዴት ይሸከማል፣ "እኛ" የሚባለው ውስጥ ማን ይገባል፣ ሰው መሪውን ለምን ይወዳል፣ የሚመቻችሁን። ብቻ በጣም ሰፊ አይሁን፣ "የሰው ልጅ ባህሪ" ብላችሁ ከጀመራችሁ ምንም አልያዛችሁም። በየሴሚስተሩ ጥያቄውን በአንድ አረፍተ ነገር ጻፉት፣ ቢቀየርም ችግር የለውም።

ወደ ምዝገባው ስንመጣ፣ ነገሩ እንደምትማሩበት አገር ሥርዓት ይለያያል። አሜሪካ ባችለር ዲግሪ ባብዛኛው 120 ክሬዲት አካባቢ ስለሆነ አንድ ሜጀር (ዋና ትምህርት) እና ሁለት ማይነር (ንዑስ ትምህርት) በደንብ ይገባል፣ ሦስት ሙሉ ሜጀር ግን ሌላ ነገር ለመማር ቦታ አያስተርፍላችሁም። የአውሮፓው ሥርዓት በአመት 60 ክሬዲት ብሎ ነው የሚያስበው፣ የመጀመሪያ ዲግሪም 180 ወይ 240 ነው፣ እዛ ከሜዳችሁ መውጣት ጠበብ ስለሚል ጥምር ዲግሪ አለ ወይ ብላችሁ ከማመልከታችሁ በፊት መጠየቅ አለባችሁ። ስኮትላንድ ውስጥ ዲግሪው አራት አመት ነው፣ የመጀመሪያው አመት ላይ ሦስት ትምህርት መያዝም የተለመደ ነው፣ ህንድ ውስጥም ሦስት ትምህርት አጣምሮ የሚሰጥ ቢኤ የቆየ ነገር ነው።

የትኛው ቤታችሁ ይሁን? ሌሎቹ ሁለቱ ዘመድ ቢሆኑ እንኳን አንዱ ቤት፣ ማለትም ዋናው ትምህርታችሁ መሆን አለበት። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የመሆን ሐሳብ ትንሽም ብትሆን ካለቻችሁ ሳይኮሎጂ ሜጀር ይሁን፣ ምክንያቱም በብዙ አገር ለሙያ ፈቃድ የሚወስደው መንገድ እውቅና ካለው የሳይኮሎጂ ዲግሪ ነው የሚጀምረው፣ ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ ጥምር ዲግሪ ስትመርጡ የብሪታንያ ሳይኮሎጂ ማኅበር እውቅና ያለው መሆኑን አስቀድማችሁ ማረጋገጥ አለባችሁ። ይሄ ሐሳብ ከሌላችሁ የምትወዱትን ምረጡ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፣ "ልቦለድ ለራሴም አነባለሁ" ብላችሁ ሊትሬቸርን ከክፍል ውጪ አታድርጉት። አይ ኤ ሪቻርድስ የሚባል የሊትሬቸር መምህር ካምብሪጅ ውስጥ ለተማሪዎቹ ግጥም ያለ ደራሲ ስም ይሰጥና ያሰቡትን እንዲጽፉ ያደርግ ነበር፣ በ1929 ያሳተመው ውጤት በጣም የተማሩ ወጣቶች እንኳን ፊታቸው ያለውን ግጥም ምን ያህል አጥርተው ማንበብ እንደሚያቅታቸው ነው ያሳየው። ክፍል የምትገቡት ንባባችሁን ሌላ ሰው እንዲሞግተው ነው፣ ብቻችሁን ስታነቡ "ይሄ ቃል የት አለ?" ብሎ የሚይዛችሁ የለም።

ስታቲስቲክስ በመጀመሪያው አመት ይለቅ፣ ግዴለም ከባድ ይሁን። ሳይኮሎጂ ውስጥ ኮርሶች ሰንሰለት ናቸው፣ መግቢያው ሳያልቅ ስታቲስቲክስ፣ ስታቲስቲክስ ሳያልቅ ሪሰርች ሜተድ፣ እሱ ሳያልቅ ደሞ ከፍ ያሉት ኮርሶች አይከፈቱም፣ አንዱን ካዘገያችሁ ሁሉም ይዘገያል። ፖለቲካል ሳይንስም ስለ ምርጫና ስለ ሕዝብ አስተያየት ሲያጠና የሚጠቀመው ይሄንኑ ስለሆነ አንዱ ኮርስ ለሁለቱም ዲፓርትመንት ይያዝልን እንደሆነ አድቫይዘራችሁን ጠይቁ፣ መልሱን ደሞ በኢሜል አስጽፉ፣ በቃል የተነገረ ነገር ለመመረቂያ ጊዜ አይሆንም። ሊትሬቸር ብዙ ጊዜ እንደዚህ አይነት ሰንሰለት የለውም፣ በየሴሚስተሩ አንድ ማስገባት ይቻላል፣ ብቻ ረጃጅም ልቦለዶች ያሉበትን ኮርስ ከፖለቲካል ቲዎሪ ጋር በአንድ ሴሚስተር አታጣምሩ፣ ሁለቱም ቀስ ብሎ ማንበብ ስለሚጠይቁ አንዱን ማንገዋለላችሁ አይቀርም።

ንባቡ ራሱ ሦስት አይነት ነው። የሳይኮሎጂ አርቲክል ስታነቡ አጭር መግለጫውን፣ ከዛ ምን እንዳደረጉ፣ ከዛ ሰንጠረዡን እዩ፣ የጸሐፊዎቹን ማብራሪያ መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ ቁጥሩ ምን እንደሚል የራሳችሁ ግምት ይኑራችሁ። ፖለቲካል ሳይንስ ላይ ክርክሩን ፈልጉ፣ "ይሄ ሐሳብ ስህተት ቢሆን ዓለም ላይ ምን እናይ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁት። ልቦለድና ግጥም ግን ማጠቃለያ አንብቦ አይሆንም፣ በቃ አይሆንም፣ እርሳስ ይዛችሁ ሙሉውን አንብቡና የምትጽፉበትን ክፍል ድገሙት።

አጻጻፉም እንደዛው ነው። ሳይኮሎጂ በሚጠቀምበት በኤፒኤ የአጠቃቀስ ስታይል ከስሙ ጎን አመተ ምሕረቱ ነው የሚቀመጠው፣ ሊትሬቸር በሚጠቀምበት በኤምኤልኤ ግን ገጹ። በዘፈቀደ እንዳይመስላችሁ፣ ሳይኮሎጂ ጥናቱ መቼ ተሠራ ይላል፣ ሊትሬቸር ደሞ ቃሉ የቱ ጋ ነው ያለው ይላል። ፖለቲካል ሳይንስ ላይ መምህሩ የሚፈልገውን ጠይቁ፣ አንድ ወጥ አይደለም። ዞተሮ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ስታይሉን ራሱ ስለሚቀይርላችሁ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ ተጠቀሙበት።

አሁን ይሄን ሦስት አንድ ላይ የሚማር ሰው በብዛት የሚወድቅበት ጉድጓድ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሳይኮሎጂ የተማረ ሰው ገጸ ባሕሪን ሁሉ መመርመር ይጀምረዋል፣ የሼክስፒሩ ሐምሌት ዲፕሬሽን አለበት፣ እገሌ ናርሲሲስት ነው ይላል። ገጸ ባሕሪ ከገጹ ውጪ ልጅነት የለውም፣ ቀጠሮ ይዛችሁ የማትጠይቁትን የመድረክ ሰው መመርመር የደራሲውን ሥራ መዝለል ነው፣ መጠየቅ ያለባችሁ ጽሁፉ ይሄን ሐዘን በምን ቃል፣ በምን ዝምታ ሠራው የሚለውን ነው። ፖለቲከኛ ላይም እንደዛው። በ1964 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ሳይካትሪስቶችን ባሪ ጎልድዋተር ለፕሬዝዳንትነት አእምሮው ብቁ ነው ወይ ብሎ ጠይቆ መልሳቸውን አተመ፣ ጎልድዋተር ከሶ አሸነፈ፣ የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበርም በ1973 ያልመረመራችሁትን ሰው በአደባባይ ምርመራ አትስጡ የሚል ደንብ አወጣ። ባለሙያዎቹ የተከለከሉትን እኛ ሁለተኛ አመት ላይ ሆነን በፔፐር አናድርገው።

ሌላው ደሞ አንዱን ጥናት እንደ ማስረጃ ይዞ መሮጥ ነው። በ2013 ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ላይ ከሥነ ጽሁፋዊ ልቦለድ አጭር ክፍል ማንበብ የሰውን ስሜት የመረዳት ችሎታን ይጨምራል የሚል ጥናት ወጣ፣ ለኛ አይነቱ ተማሪ እንዴት ደስ የሚል ነገር ነው። በ2016 ሌሎች ተመራማሪዎች ሰፋ ባለ ናሙና ሲደግሙት ግን ያ ውጤት አልተገኘም። በ2015ም 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶች ተደግመው በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው ውጤት የታየው በ36 በመቶው ድግግሞሽ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሊትሬቸር ፔፐራችሁ ውስጥ "ሳይኮሎጂ እንዳረጋገጠው" ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ተደግሟል ወይ ብላችሁ ፈልጉ። የሳይኮሎጂ ተማሪ መሆናችሁ የሚጠቅማችሁ እዚህ ጋ ነው።

ጊዜን በተመለከተ፣ የሳይኮሎጂ ቃላትና ጽንሰ ሐሳቦችን በየቀኑ ለአጭር ጊዜ ራሳችሁን እየጠየቃችሁ አጥኑ፣ ከፋፍሎ ማጥናት እንደሚሻል ኤቢንግሃውስ ከ1885 ጀምሮ ያሳየው ነገር ነው፣ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ራስን መፈተን በኋላ የበለጠ እንደሚያስታውስም በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ አሳይተዋል። ልቦለዱን ደሞ አእምሯችሁ ትኩስ የሆነበት ሰዓት ላይ አድርጉት፣ ለማታ አታስተርፉት። የላብ ሪፖርት በየሳምንቱ ይመጣል፣ የሊትሬቸርና የፖለቲካል ሳይንስ ፔፐሮች ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚደራረቡት፣ ሴሚስተሩ ሲጀመር የሁሉንም ዴድላይን አንድ ወረቀት ላይ አውርዱና ሁለት ፔፐር የሚገናኝበትን ሳምንት ለይታችሁ አንዱን ቀድማችሁ ጨርሱ።

መመረቂያ ጽሁፍ ላይ ጥያቄያችሁ ሁለት ዲፓርትመንት የሚነካ ከሆነ ሁለት አማካሪ ጠይቁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሁለቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ማስረጃ ነው የሚሉት ምን እንደሆነ ይስማሙ፣ አለዚያ አንዱ ናሙናው አነሰ ሲላችሁ ሌላው ጽሁፉን በደንብ አላነበባችሁም ይላችኋል። ሰውን በቃለ መጠይቅ ወይ በሙከራ የምታጠኑ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፣ እሱ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል የመጨረሻው አመት ሳይጀመር አመልክቱ። ጊዜው ካለፈባችሁ የሰዎችን እሴትና እምነት የሚጠይቀው ወርልድ ቫልዩስ ሰርቬይ የሚባለው ጥናት ዳታ በነጻ ይገኛል፣ ከ1981 ጀምሮ በብዙ አገሮች የተሰበሰበ ነው፣ ልጆች መታዘዝን መማር አለባቸው ወይ የሚል ጥያቄ ሳይቀር አለው፣ መጠይቁን አውርዳችሁ የናንተን ጥያቄ የሚመስል እዛ ውስጥ ተጠይቆ እንደሆነ ከአማካሪያችሁ ጋር ከመገናኘታችሁ በፊት እዩ።