የአውሮፕላን ክንፍ አክሰስ ፓነል (ለፍተሻ የሚፈታው ክዳን) ከላሜራው ከፍ እያለ ላስቸገራችሁ

የአርቪ (በኪት መጥቶ ራስ የሚገጣጠም ትንሽ አውሮፕላን) ክንፍ ለምትገጣጥሙ፣ ከስር በኩል ያለው ፓነል ብሎኑን ባጠብቀውም ጠርዙ ከፍ እያለ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ልክ ገብቷል። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ፓነሉ ዲምፕል ስለተደረገ (የብሎኑ ራስ እንዲሰምጥ የቀዳዳው ዙሪያ ወደ ውስጥ ስለተጎደጎደ) የዲምፕሉ ሆድ ከብሎኑ ራስ ይሰፋል፣ ከስሩ ያለው ደብለር (ማጠናከሪያ ላሜራ) ግን የተቦረቦረው ለብሎኑ ራስ ልክ ነው፣ እንዴት ይቀመጥ? የቀዳዳ አፍ በሾጣጣ የሚያሰፋውን ባለ 100 ዲግሪ ካውንተርሲንክ (ከሃርድዌር ሱቅ የምታገኙት ባለ 82 ዲግሪው እንዳይሸውዳችሁ) ጥልቀቱን በሚወስነው ኬጅ ላይ አስሬ ትንሽ ትንሽ እያወረድኩ የደብለሩን ቀዳዳ አሰፋሁት፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ፓይለቱ (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ የሚመራው የካውንተርሲንኩ ጫፍ) ስለሚዋልል ከኋላ ቁራጭ ላሜራ በክላምፕ ማሰር ግድ ነው። ልኩን መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ያዙ። ፓነሉን በጣት ስትጫኑት ካልተወዛወዘ በቃ፣ ከዛ ነት ፕሌቶቹን (ብሎኖቹ የሚታሰሩባቸውን ዳዶዎች) ሪቬት አድርጉና ብሎኖቹን ሁሉንም በላላው አስገብታችሁ በመጨረሻ አጥብቁ፣ ጠርዙ ላይ የሚነካካ ከቀረ በሊማ ይወጣል።